ዘሃራን ከስልኳ ልለያት ወደ መካ

በግዳዲያ፣ ጅዳ፣ ኅዳር 2006፣ ጎህ ሲቀድ

ከቤት የወጣሁት የሱብሂ ሶላት እንዳለቀ ነው። ሌላ ጊዜ በዚህ ሰዓት የበግዳዲያ መንገድ በሰው ይሞላል። ጽዳት የሚሄዱ ሐበሾች፣ የሱቅ ብረት የሚከፍቱ የመኖች፣ በር ላይ ቆመው መኪና የሚጠብቁ የቀን ሠራተኞች ነበሩ። ዛሬ ያለው ድመት ብቻ ነው። የሳዑዲ መንግሥት የሰጠው የምህረት ጊዜ አልቆ አፈሳው ከተጀመረ ወዲህ ወረቀት የሌለው ሰው በሩን ቆልፎ ተቀምጧል። ወረቀት ያለውም ቢሆን ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኪሱ ውስጥ መኖሩን ሳይዳብስ ደረጃ አይወርድም። እኔም ዳበስኩ፤ አለ። ወርጄ እንደገና ዳበስኩ።

የምሄደው መካ ነው፤ ለዑምራ ግን አይደለም። የአክስቴ ልጅ ዘሃራ እዚያ በሰው ቤት ትሠራለች። ትናንት ከሰዓት ደውላልኝ ነበር፤ በራሷ ስልክ ሳይሆን ጎረቤት በምትሠራ ልጅ ስልክ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

"እታለም፣ ከእንግዲህ በእኔ ስልክ እንዳትደውይ። እንዳትጽፊም።"

"ምን ሆንሽ?"

"ማዳም ታየዋለች። በዐረብኛ የጻፍሽልኝን ዛሬ ቁርስ ላይ አንብባ ነገረችኝ።"

ስልኩ የዒድ ስጦታ ነው። የማዳሟ ልጅ ከሪያድ መጥቶ፣ ሣጥኑን ከፍቶ፣ ሁሉን ነገር ራሱ ሞልቶ ነው የሰጣት። ያኔ የማያውቃት እንኳ ቀናባት፤ ሰፊ፣ የሚያብለጨልጭ፣ በጣት የሚነካ ስልክ። ወር ሳይሞላ ዘሃራ ያነሳችው ፎቶ ሁሉ ማዳሟ ታብሌት ላይ እንደሚወጣ አወቀች። ቀጥሎ ደግሞ ካርታውን አየች፤ እሷ የሄደችበት ሁሉ የሚሄድ ሰማያዊ ነጥብ አለበት። መድኃኒት ቤት ተልካ ወሎዬዎች የሚውሉበት ሱቅ ጎራ ብትል፣ ስትመለስ "ሱቁ ውስጥ ምን ነበር?" ትባላለች።

ዘሃራ ወደ አገሯ መግባት ትፈልጋለች። ማዳሟ "አይሆንም" ብላ አታውቅም፤ "ከረመዳን በኋላ" አለች፣ ከዚያ "ከሐጅ በኋላ" አለች። ኢቃማዋ በማዳሟ ስም አይደለም፤ በመጀመሪያው ከፊሏ፣ ማለት ባስመጣት አሠሪ፣ ስም ነው፣ እሱም የት እንዳለ አይታወቅም። ከተያዘች በለበሰችው ትሄዳለች። ስለዚህ ከቆንስላ የመሄጃ ወረቀት አውጥቼላታለሁ። በዚያው በጎረቤቷ ስልክ የነገርኳት ሐሳብ ቀላል ነበር፦ ስልኩን ትራሷ ሥር ትታ ዳቦ ልትገዛ ትወጣለች፣ እኔ ተርሂል አደርሳታለሁ። ተርሂል የምንለው ተመላሾች አውሮፕላን እስኪያገኙ የሚቆዩበትን ሥፍራ ነው።

እኔ ራሴ የያዝኩት አማርኛ የማይጽፍ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው፤ ነርስ ሆኜ የምሠራበት ክሊኒክ ውስጥ ሁሉም ይስቅብኛል። የክሊኒኩ ባለቤት ግድግዳው ላይ ካሜራ ከሰቀለ ወዲህ፣ ካይሮ ሆኖ "ሲስተር፣ ሻዩ አልበዛም?" ብሎ ደውሎልኛል። ከዚያ ቀን በኋላ በራሴ ገንዘብ ሌላ ዓይን ገዝቼ ቦርሳዬ ውስጥ አልከትም ብያለሁ።

ሸረፊያ

ሹፌሩ ኑርሁሴን ፉል ቤቱ ፊት ለፊት ጠበቀኝ። የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ሕጋዊ ወረቀት አለው፤ በአዘቦት ቀን የተማሪ ቤት ልጆች ያመላልሳል። ሸረፊያ ግማሹ ተዘግቷል። የሐበሻ ልብስ የሚሸጥባቸው ሱቆች ብረታቸውን አውርደዋል፤ የአንዱ አሻንጉሊት ከነጥልፍ ቀሚሷ መስታወት ውስጥ ቀርታለች። ፉል በሁለት ሪያል፣ ትኩስ ተሚስ ዳቦ በአንድ። እሱ ቁጭ ብሎ ይበላል፤ እኔ ቆሜ እቆርሳለሁ፣ መቀመጥ አልቻልኩም።

እጁ ላይ ያለው ስልክ አሥሬ ጢን ይላል። የሐበሻ ሹፌሮች ቡድን ነው፤ ተፍቲሽ፣ ማለት ፍተሻ፣ የት እንዳለ ይነጋገሩበታል።

"ሲስተር፣ ይሄ ባይኖር ስንቱ ይለቀም ነበር መሰለሽ። አላህ ይስጣቸው፣ በየደቂቃው ይጽፋሉ።"

"ማን እንደሚጽፍ ታውቃለህ?"

"የኛው ልጆች ናቸዋ።"

"ሁሉንም ታውቃቸዋለህ?"

አፉን ጠርጎ ሳቀ። "አንቺ ደግሞ ጥርጣሬሽ! ያላ፣ ግቢ እንሂድ።"

የድሮው መንገድ

ከተማውን ሳንለቅ ጢን አለ። ኑርሁሴን ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ፦ "ትልቁ የመካ መንገድ ላይ ከባድ ተፍቲሽ አለ፤ የድሮው መንገድ ነጻ ነው።" እኛ ወረቀት ስላለን ግድ አልነበረንም፤ ግን ስንመለስ ዘሃራ አብራን ትሆናለች። መንገዱን ከአሁኑ ማየት ይሻላል አለና ወደ ድሮው መንገድ ታጠፈ።

ጥቁር ድንጋይ፣ አሸዋ፣ የተጣለ ጎማ፣ ከሩቅ የታሰሩ ግመሎች። ከአንድ ኩርባ ኋላ መኪኖቹ ቆመው አየን።

ተፍቲሽ ነው። ፖሊሱ ኢቃማችንን ተቀብሎ እያገላበጠ ሳለ ዓይኔ ወደ መንገዱ ዳር ሄደ። ከፒካፕ የወረዱ ወጣቶች አሸዋው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል፤ ሽርጣቸው፣ አቀማመጣቸው፣ ሁሉ ነገራቸው የወሎ ነው። ለእኛ የሚቀርበው ቀይ ሻሽ ያሰረ ልጅ ነበር። ቋንቋችንን ሰምቶ ቀና አለ።

"እህቴ፣ መንገዱ ነጻ ነው ተብለን ነው እኮ የመጣን።"

"ማን አላችሁ?"

"ስልክ ላይ ተጽፎ።"

ስልኮቻቸው የፖሊስ መኪናው አፍንጫ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ያለማቋረጥ ይጠራል። በጠራ ቁጥር የደዋይዋ ፎቶ ይበራል፤ ነጭ ሻሽ የለበሰች ልጅ፣ ከነስሟ፣ ከነፈገግታዋ። አንድ ፖሊስ አንስቶ አያት፣ ለጓደኛው አሳየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ምንም አላደረገም። ልጅቷ የት እንዳለች አላውቅም፤ ፊቷን ግን አሁን ሁላችንም እናውቀዋለን።

"ኸላስ፣ በቃ ሂዱ" ተባልን። ኑርሁሴን ስልኩን አውጥቶ "ድሮው መንገድ ላይ አለ፣ አትምጡ" ብሎ ጻፈ። ከዚያ በፍጥነት ነዳ። ቆይቶ፣

"ተሳስተው ይሆናል" አለ።

"ይሆናል።"

"ፍተሻው ቦታ ቀይሮ ይሆናል።"

"ይሆናል፣ ኑርዬ።"

ዑተይቢያ፣ መካ

ዑተይቢያ ዳገቱ ላይ የተቆለለ ሰፈር ነው። ጠባብ ደረጃ፣ ከፎቅ ወደ ፎቅ የተዘረጋ ሽቦ፣ ቀዳዳ ባገኘ ሁሉ የተከፈተ ሱቅ፤ ከጣሪያዎቹ በላይ የሐረሙ፣ የታላቁ መስጊድ፣ ማስፋፊያ ክሬኖች። ኑርሁሴን ታች ቆመ። እኔ ወደ ተቃጠርንበት ዳቦ ቤት ገባሁ።

ዘሃራ ጥግ ላይ ነበረች። ከስታለች። አቅፋኝ ሳትጨርስ እጇን አየሁት፤ ስልኩን ይዛለች።

"ትተሽው ነይ አላልኩሽም?"

"አልቻልኩም እታለም። እማ ውስጡ አለች።"

አክስቴ ከዲጃ ባለፈው ሚያዝያ ነው የሞተችው። ዘሃራ ለቀብር አልደረሰችም። ወንድሟ እናቱ ከመሞቷ በፊት አልጋዋ ላይ ሆና የተናገረችውን ቀድቶ ልኮላታል። ወደ ሌላ ስልክ ልትልከው ብትሞክር የይለፍ ቃል ይጠይቃታል፤ የይለፍ ቃሉ ያለው ሪያድ ነው፣ የማዳሟ ልጅ ጋር። የእናቷን ድምፅ መስማት ትችላለች እንጂ መውሰድ አትችልም።

ምን እንደምላት ሳስብ ስልኩ ጠራ። ማዳሟ ናት። ድምጿ ለእኔም ይሰማል።

"ፌኒክ፣ የት ነሽ ያ ዘሃራ? ዳቦ ቤት ቆየሽ እኮ። አልደረሰም እንዴ?"

"ሰልፍ አለ፣ ማማ።"

ሰልፍ አልነበረም። ጋጋሪው እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ያየናል።

ያኔ ነው የራሴ ስልክ ድምፅ እንደሚቀዳ ትዝ ያለኝ። ከምድጃው ራቅ ብለን፣ የዱቄት ጆንያዎቹ ላይ ጎንበስ ብለን፣ ሁለቱን ስልኮች አፍ ለአፍ ገጠምናቸው። አክስቴ መናገር ጀመረች። ድምጿ ቀጭን ነው፤ በየመሃሉ ትተነፍሳለች። "ዘሃራዬ፣ እኔን ብለሽ እንዳታለቅሺ። የሠራሽው ይበቃል፣ ነይ ግቢ። አላህ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።" ጋጋሪው ቋንቋውን ባያውቅም አካፋውን አስቀመጠ። መልሰን ስንሰማው ድምጿ ይሻክራል፣ የእሳቱም ሹክሹክታ ገብቶበታል፤ ግን እሷ ናት። ከስልኬ የእኔን ሲም ካርድ አውጥቼ ስልኩን ለዘሃራ ሰጠኋት።

"በይ፣ ያንን እዚሁ ጣይውና እንውጣ።"

ዘሃራ ራሷን ነቀነቀች። "ጥዬው ብሄድ ሰርቃ ጠፋች ይሉኛል። ይዤው ብሄድም ሌባ ነኝ። በእጇ አስረክቤ ነው የምወጣ።"

"አንድ ስልክ ብትደውል እኮ ፖሊስ በር ላይ ይጠብቅሻል!"

"ትደውል።"

ከእኔ በፊት ደረጃውን መውጣት ጀመረች። ተከተልኳት። ፈርቼ ነበር፤ ዛሬም ስጽፈው እፈራለሁ።

በሩን የከፈተችው ማዳሟ ራሷ ናት፤ ኡሙ ፋሪስ ይሏታል፣ የፋሪስ እናት ማለት ነው። ሌላ ሰው ጠብቄ ነበር። በከዘራ የምትራመድ፣ እግሯ ያበጠ አሮጊት ናት። ዘሃራ ስልኩን እጇ ላይ አስቀመጠችና በዐረብኛ ተናገረች።

"ማማ፣ ኸላስ። ወደ አገሬ እገባለሁ። ይኸው ስልክሽ።"

ኡሙ ፋሪስ ስልኩንም እኔንም አየች። "ምን በደልኩሽ? መታሁሽ? አስራብኩሽ?"

"አልመታሽኝም። ግን ስተኛም ስነሣም ዓይንሽ ላዬ ላይ ነው።"

"ሰው ከመንገድ እየታፈሰ! እንዳትጠፊብኝ ብዬ እኮ ነው፣ ልጄ።"

ዘሃራ ልትመልስ አፏን ስትከፍት ከበላያችን የወንድ ድምፅ መጣ። ክው አልኩ። ከበሩ ጉበን በላይ ትንሽ ካሜራ አለች፤ ድምፁ የሚወጣው ከእሷ ነው።

"እማ፣ ያቺ ሴት ማናት? ለምን ከፈትሽላት?"

"ፋሪስ ነው፣ ከሪያድ" አለችኝ ዘሃራ ቀስ ብላ።

"ነርስ ናት፣ ልጄ" አለች አሮጊቷ ወደ ላይ እያየች፤ ከመልእክቶቼ አውቃኛለች።

"ምን ነርስ? በሩን ዝጊ። ደግሞ ዛሬ ጠዋት ወጥ ቤት ስትገቢ አላየሁሽም። ቁርስ በልተሻል?"

"በልቻለሁ" አለች፤ እንደ ተቆጧት ልጅ። እጇ ላይ ያለውን ስልክ አየች። ካሜራውን አየች። ከትከሻዋ ላይ የጸሎት ሻሿን አውርዳ ከዘራዋ ጫፍ ላይ አደረገችና ዘርግታ ካሜራው ላይ ጣለችው። መጀመሪያ ወደቀ። ዘሃራ አንስታ ሰጠቻት። በሁለተኛው ያዘ።

"እማ? እማ!" ይላል ድምፁ ከሻሹ ሥር።

"ሂጂ ሻንጣሽን አምጪ" አለቻት ኡሙ ፋሪስ።

ዘሃራ እስክትመለስ የማዳሟ ስልክ ደጋግሞ ጠራ፤ አላነሳችም። ይልቅ "ኢንሱሊኔን ማን ይወጋኛል? እሷ ነበረች የምትወጋኝ" አለችኝ። ወጥ ቤት አስቀምጬ በራሷ እጅ እንዴት እንደምትወጋ አሳየኋት። ሁለቴ ተሳሳተች፤ በሦስተኛው ቻለች። የእህቷ ልጅ እስከ ማታ ትመጣለች አለችኝ። በሩ ላይ ዘሃራን ስማ የዘምዘም ውኃ ጄሪካን አስያዘቻት። ይቅርታ አላለችም። ዘሃራም አልጠበቀችም።

ተርሂል

በትልቁ መንገድ ተመለስን። ፍተሻ አልገጠመንም። ኑርሁሴን ስልኩን አንድ ጊዜም አላየም።

የተርሂሉ አጥር ረጅም ነው፤ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ አውቶቡስ፣ የሕፃን ልቅሶ፣ አቧራ። በሩ ላይ የገባ ሁሉ ፎቶ ይነሳል፣ አሥሩን ጣቱን መስታወት ላይ ይጫናል። ከዚያኛው አምልጣ እዚህ መግባቷ አንገበገበኝና "ይሄስ?" አልኳት።

"ይሄን እንኳ እያየሁት ነው የሚወስዱብኝ" አለች። ጄሪካኗን ይዛ ገባች፤ ዞር ብላም አላየችኝ።

ጅዳ፣ ከቀናት በኋላ

ያለ ስልክ ሰነበትኩ። እንቅልፍ አልነበረኝም፤ በሩ በተንኳኳ ቁጥር እነሣለሁ። በመጨረሻ ክሊኒኩ ስልክ ላይ ከኮምቦልቻ ተደወለልኝ፤ ዘሃራ ናት። ከኋላዋ የገበያ ጫጫታ ይሰማል። አዲስ አበባ አድራ፣ በአውቶቡስ ለማንም ሳትደውል ነው የገባችው። ወንድሟ ተቆጥቷል፤ ቢያውቅ መናኸሪያ ወጥቶ ይቀበላት ነበር።

"ለምን አልነገርሽውም?" አልኳት።

"እኔንጃ፣ እታለም። ከመናኸሪያው ወጥቼ በገበያው መሃል ሻንጣዬን እየጎተትኩ ሄድኩ። ሎሚ ገዛሁ። አንድ ቦታ ቁጭ አልኩ፣ ተነሣሁ። የት እንዳለሁ የሚያውቅ አልነበረም። ሲመሽ ቤት ገባሁ።"