የለም ያልናቸው ልጆች

ሰው ከሆሳዕና ሲሰደድ ተደብቆ ነው የሚወጣው ይባላል። እኔ የወጣሁት በቀትር ነው፤ መናኸሪያው ጢም ብሎ፣ እናቴ ሻንጣዬን ይዛ እያለቀሰች፣ የአራት ዓመቷ ልጄ ፌቨን ጀርባዬ ላይ ታዝላ። ባለቤቴ ታምራት ደቡብ አፍሪካ ሱቅ ከከፈተ ሦስት ዓመቱ ነበር። ፌቨን እስከዚያ ቀን አንድ ቃል አልወጣትም።

ሞያሌን ካለፍን በኋላ በየጫካው ስንደበቅ የሌሎቹ ልጆች ያለቅሳሉ፣ የእኔዋ ዝም። የሚያሻግረን ደላላ ሌሎቹን እናቶች፣ «እንደዚች ሴትዮ ጨዋ ልጅ ብታሳድጉ ምን ነበረበት?» አላቸው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ኮራሁ።

ጆሃንስበርግ ዳር፣ ሎኬሽን በሚሉት የድሆች ሰፈር፣ ከሱቁ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ገባን። የሰኔው ብርድ አስተማሪ የነበርኩበትን የዶዮገናን ደጋ ያስንቃል። ፓፕ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ ሲያዩት ቡላ ይመስላል፤ ሲቀምሱት ግን አገር ቤት ምን ያህል እንደራቀ ይገባችኋል።

ፌቨንን ክሊኒክ ወሰድናት። ነርሷ፣ «ቤት ውስጥ በስንት ቋንቋ ታወራላችሁ?» አለችን።

«በሃዲይኛና በአማርኛ» አለ ታምራት። «ሱቅ ውስጥ ደግሞ በእንግሊዝኛ።»

«በቃ ተምታቶባት ነው! በእንግሊዝኛ ብቻ አናግሯት።»

ነገሩ ተገኘ ብለን ደስ አለን። አንድ ዓመት ሙሉ ልጃችንን «ካም»፣ «ኢት»፣ «ስሊፕ» ስንላት ከረምን። እኛም ከዚያ የሚበልጥ አናውቅም፤ አንዲት ዝምተኛ የነበረችበት ቤት ሦስት ዝምተኞች ያሉበት ሆነ።

የነገሩን ስም የሰማነው ትልቁ ሆስፒታል ወረፋ ሲደርሰን ነው፤ ኦቲዝም። ዶክተሯ፣ «በአገራችሁ እንዲህ ያሉ ልጆች ብዙ ናቸው?» አለችኝ።

«የሉም» አልኩ ፈጥኜ።

«ብዙ ሰው እንደዚያ ይለኛል» አለች። «አንዱ አገር ብዙ ይቆጥራል፣ ሌላው ጥቂት፣ አንዳንዱ ጭራሽ አይቆጥርም። የምርመራው ዓይነትም ከቦታ ቦታ ይለያያል። የተቆጠረው አነሰ ማለት ልጆቹ አነሱ ማለት አይደለም። የእኛዋ ነርስ እንኳ ቋንቋ ነው ብላ መልሳችኋለች፤ ያን ዓመት ልጅሽ እኛም ዘንድ አልተቆጠረችም።»

ያኔ ታላቅ ወንድሜ ሄራሞ ፊቴ ድቅን አለ። ሠላሳ ዓመት አልፎት እናቴ ጓዳ ውስጥ ራሱን ሲወዘውዝ ይውላል። ዶዮገና አንደኛ ክፍል ሳስተምር ደግሞ አንዲት ልጅ ነበረች፤ ስሟ ሲጠራ አቤት ስለማትል እናቷን «ከፍ ስትል አምጫት» ብዬ ከመዝገብ ሰረዝኳት። ተመልሳ አልመጣችም። እኔም አልጠየቅሁም።

ለእንዲህ ያሉ ልጆች የሚሆን ትምህርት ቤት አለ ተባልንና ሄድን። ጸሐፊዋ ወረቀታችንን ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ፣ «የልጅቷ ፔፐር ጊዜው አልፏል» አለች። ፔፐር የሚሉት የስደተኛ መኖሪያ ፈቃዱን ነው።

«እስኪታደስ ተጠባባቂ ላይ ጻፊልኝ።»

«ያለ ፔፐር ተጠባባቂም አይጻፍም።»

«ታዲያ የት ትጻፍ?»

«እሱን እኔ አላውቅም። እዚህ ያልተጻፈ ልጅ ግን ለእኛ የለም።»

ፔፐሩን ለማሳደስ አራት ጊዜ ተሰልፈን አራት ጊዜ ተመለስን። አሁን ፌቨን ስምንት ዓመቷ ነው፤ ቀኑን የምታሳልፈው ከሱቁ ጀርባ ነው።

ባለፈው እሑድ ከቸርች መልስ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ የሄራሞ ነገር ስም አለው። እባክሽ ሆስፒታል ውሰጂው።»

«ተዪው ልጄ፣ ጌታ ያውቃል» አለች። «በቀደም እንኳ ቤት ለቤት የሚመዘግቡ ልጆች መጥተው፣ ጉዳት ያለበት ሰው አለ ወይ ሲሉኝ የለም አልኳቸው።»

«እማዬ! ለምን?»

«እህትሽን ሽማግሌ ሊጠይቃት ነዋ። በዘራቸው አለ ይበሉን? ይልቅ የአንቺዋስ? አፏን ፈታች?»

ልነግራት ነበር። የታናሽ እህቴ የማርያም ትዳር ትዝ አለኝ፤ የእናቴ ልብ ትዝ አለኝ። «ፈታች፣ እማዬ» አልኳት።

«ተመስገን! ጌታ ይክበር! እስቲ አገናኚኝ፣ ድምጿን ልስማው!»

«ተኝታለች» አልኩ።

ፌቨን አጠገቤ ቁጭ ብላ የቢስኩት ካርቶን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች።