በግ ያረደችው ልጄ

ዛሬ ጠዋት የኤሌቬተሩ በር ሲከፈት የበግ ሞራ ሽታ ፊቴን መታኝ። አንድ የሕንጻችን ሰው፣ በዓላቸው ደርሶ ይመስለኛል፣ ሙሉ በግ በፕላስቲክ ጠቅልሎ በገበያ ጋሪ ይዞ ቆሟል፤ ከጋሪው ሥር ደሙ ጠብ ጠብ እያለ ወለሉን አቅልሞታል። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት አፍንጫዋን በመሐረብ ይዛ ከግድግዳው ተለጥፋለች። እኔ ግን ገባሁና ሽታውን ወደ ውስጥ ሳብኩት፤ ትኩስ ደም፣ ሞራ፣ እርጥብ ጠጉር። ሰውዬው የተቀየምኩ መስሎት አንገቱን ደፋልኝ። ምን ያውቃል፤ እኔ ሠላሳ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ተጥዬ፣ ከከተማ ውጭ ጭቃ ውስጥ ቆሜ፣ ልጄ ሰናይት ቢላ ይዛ ስትሮጥ እያየኋት ነበር። ፎቄን አልፌ እስከ ላይ ሄድኩ።

እዚህ ቶሮንቶ፣ ክሬሰንት ታውን የገባነው በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እኔ፣ ባለቤቴ አሰለፈችና ሰናይት። ከሱዳን ስንመጣ ልጅቱ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር፤ ሌላ ልጅ የለንም። እኔ ዶሮ የሚታረድበት ፋብሪካ ቢላ ይዤ እቆማለሁ፣ አሰለፈች ሆቴል አልጋ ታነጥፋለች፣ ሰናይት ደግሞ ትደባደባለች። ሥራዋ ያ ነበር ብል አልዋሸሁም። እንግሊዝኛዋ ሳይፈታ እጇ ተፈታ። ትምህርት ቤት በገባች በወሩ ሹሩባዋን የጎተተ አንድ ረዥም ልጅ አፍንጫውን በቡጢ ብላ ሸሚዙን በደም አለበሰችው፤ እኔም ተጠራሁ። ዳይሬክተሯ ቀጭን ሴት ናት፤ ፊቷ በርበሬ መስሎ ረዥም ነገር ተናገረች። እኔ የያዝኩት እንግሊዝኛ ከዶሮ ያለፈ ስላልነበረ አስተርጓሚዬ ራሷ ተከሳሿ ናት።

«ምን አለች?»

«ጎበዝ ናት፣ ጠንካራ ናት፣ በርቺ ነው የምትለው አባባ።»

«ታዲያ ለምን ትጮኻለች?»

«ደስ ሲላቸው እንዲህ ናቸው።»

ተነሥቼ የሴትዮዋን እጅ በሁለት እጄ ይዤ እጅ ነሣሁ፤ ታንኪዩም ሦስት ጊዜ አልኩ። ከዚያ ሰናይት ሦስት ቀን ቤት ዋለች። የዳይሬክተሯ ልደት ስለሆነ ትምህርት የለም አለችን፤ አሰለፈችም ሦስት ቀን የሚከበር ልደት ሰምታ ስለማታውቅ እነዚህ ሰዎች ሲወዱ እንዴት ነው የሚወዱት እያለች ስታደንቅ ሰነበተች።

እኔና አሰለፈች በዚህ አገር የምንፈራው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንድ። ሰናይት ስልክ ስታነሣ የወንድ ድምፅ ከሆነ እኔ በሌላኛው ስልክ ላይ ነኝ። አንድ ቀን መነጽር ያደረገ፣ መጽሐፍ ያቀፈ ልጅ ለትምህርት ጉዳይ ብሎ በሬን አንኳኳ፤ ቀበቶዬን ፈትቼ በደረጃው አባረርኩት። ከአሥራ አራተኛ ፎቅ እስከ ስድስተኛ ድረስ ጀርባውን ሁለት ጊዜ አገኘሁት፤ ስድስተኛው ላይ ትንፋሼ ሲያልቅ ጫማዬን ወረወርኩ፤ ጫማው ልጁን ስቶ የታጠበ ልብስ ተሸክሞ የሚወጣ አንድ ምስኪን ሰው ግንባሩ ላይ አረፈ። በአንድ እግር ጫማ ወደ ቤቴ ስመለስ የሰናይት ጓደኛ ዶና ሶፋዬ ላይ ተንጋላ እንባዋ እስኪወርድ ትስቃለች።

ዶና ከዘጠነኛ ፎቅ የመጣች የጃማይካ ልጅ ናት፤ ቁመቷ ከእኔ ይበልጣል፤ ሚጥሚጣ በማንኪያ የምትበላ። አሰለፈች ነፍሷን ትሰጣታለች። «ከወንድ የምታስጥል ጓደኛ ሰጣት» ትላለች። አብረው ያጠናሉ፣ አብረው ይስቃሉ፣ ዶና እኛ ቤት ታድራለች፤ አልጋውን የምታነጥፍላቸው አሰለፈች ራሷ ናት። ልጄን ከወንድ ጠብቂልኝ ብላ ለማርያም ተስላ ነበር፤ እንግዲህ ማርያም ስለቷን ሰምታታለች ማለት ነው። እኔም በር በሩን እያየሁ ቀበቶዬን ይዤ እቀመጣለሁ፤ የምጠብቀው ነገር ከኋላዬ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሎ ፍርፍር ይበላል።

ከዚያ ያ ፋሲካ መጣ። በእኛ አገር ሴት አታርድም። ባሏ ከሌለ ዶሮዋን ይዛ በር ላይ ትቆምና የሚያልፍ ወንድ ትለምናለች እንጂ ቢላ አታነሣም። ቶሮንቶም መጥተን ይህን አልተውንም። በየዓመቱ ቅዳም ስዑር ጠዋት ስድስት አባወራ ሆነን ከከተማ ውጭ አንድ ገበሬ ዘንድ ሄደን በግ እናርዳለን፤ አራጁ እኔ ነኝ። የዚያን ዓመት ግን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው የፋብሪካው ቢላ የቀኝ አውራ ጣቴን ገመሰውና ተሰፋሁ። ታደሰ የሚባል የታክሲ ሹፌር ጓደኛችን «እኔ አለሁ አይደለም ወይ» አለ፤ ነጭ ጫማ አድርጎ መጣ። ሰናይት አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ከገበሬው ጋር እንድታስተረጉም ይዣት ሄድኩ።

በረዶው ገና እዚህም እዚያም ተጋድሟል፤ ቀሪው ጭቃ ነው። ታደሰ የመጀመሪያውን በግ ጣለና ጫማዬን ይነካብኛል ብሎ ከሩቅ ተዘርግቶ እንደ ዳቦ ገዘገዘው። በጉ ጉሮሮው እኩል ተቆርጦ፣ ታደሰን ብሽሽቱ ላይ ረግጦ ተነሣ። ሮጠ። ደሙ በረዶው ላይ እየተረጨ፣ ከአንገቱ ትንፋሹ እያፏጨ በመሀላችን ሲያልፍ ስድስት አባወራ ተበተነ፤ አንዱ መኪና ጣራ ላይ ወጣ። ገበሬው ይጮኻል። እኔ የተሰፋ እጄን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ሰናይት ከጭቃው ቢላውን አንሥታ የሮጠችው። ከአጥሩ ሥር ደረሰችበት፤ ዘልላ አንገቱ ላይ ወደቀች፤ አብረው ተንከባለሉ፤ ስትነሣ እላዩ ላይ ነበረች። ራሱን ወደ ምሥራቅ አዞረችና «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብላ በአንድ ሳብ ጨረሰችው። እኔ ራሴ እንደዚያ አርጄ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ደረቴ ነፋ አለ።

ከመሀላችን በዕድሜ የሚበልጡት አቶ ደምሴ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው «ይህ ሥጋ አይበላም፤ ሴት ያረደችው ነው» አሉ።

«እኔ እበላዋለሁ» አልኩ። «የስድስታችንንም ድርሻ እበላዋለሁ።»

ታደሰ ብሽሽቱን ይዞ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ ነጭ ጫማው ቀልቷል፤ ሰዎቹ ይስቁበታል። እፍረቱን የሚጥልበት ፈለገ። «ይበላ እንጂ! እሷ መች ሴት ናት?» አለ። «ያችን የጃማይካ ልጅ ቪክቶሪያ ፓርክ ባቡር ጣቢያ አፍ ላፍ ገጥማ ስትስማት በእነዚህ ዓይኖቼ አይቻለሁ። ለልጅህ ባል ሳይሆን ሚስት ፈልግላት!»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁለተኛው ሳቀ። ወደ ሰናይት ዞርኩ።

«ውሸት ነው በይ።»

ስንት ዓመት ስትዋሸኝ የኖረች ልጅ ናት። አንድ ውሸት ብቻ ነበር የለመንኳት።

«እውነት ነው አባባ። ዶናን እወዳታለሁ» አለች።

በግራ እጄ መታኋት፤ ባለኝ ጉልበት። ከከንፈሯ ደም ወጣ፤ የበጉ ደምና የእሷ ደም አገጯ ላይ ተቀላቀለ። ሁሉም የሚያየው ቢላውን ነው፤ ቢላው አሁንም በእጇ ነበር። እሷ ግን ሁለቱንም የስለቱን ፊት ሱሪዋ ላይ ጠረገች፤ እኔ እንዳስተማርኳት እጀታውን ወደ እኔ አዙራ አቀበለችኝ። ከዚያ በገበሬው መንገድ ወደ ዋናው ጎዳና እግሯን እየጎተተች ሄደች።

እኔ ያን ጊዜ ዞሬ ታደሰን ያዝኩት። መጀመሪያ መመታት የነበረበትን ኋላ መታሁት። ጭቃው ውስጥ ተንከባለልን፤ ሁለት ጥርሱን አወለቅሁ፤ የእጄ ስፌት ተፈታ፤ እሱም ጆሮዬን ነከሰኝ፤ አራት ሰው ነው ያላቀቀን። ስነሣ ልጄ በመንገዱ ጫፍ የጣት ያህል ሆናለች። መኪና ነበረኝ፤ በአምስት ደቂቃ እደርስባት ነበር። እኔ ግን ተቀምጬ በጉን ገፈፍኩት።

ቤት ስገባ ልብሷን ወስዳለች። ከዶና ጋር ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ሬክስዴል፣ ቤት ተከራይተው ገቡ ሲባል ሰማሁ። «በቤቴ ስሟ አይጠራ» አልኩ፤ አልተጠራም። አሰለፈች ግን በየቅዳሜው ማኅበር አለብኝ እያለች መሄድ ጀመረች። በየሳምንቱ የሚወጣ ምን ማኅበር ነው ብዬ አልጠየቅኩም። ብጠይቅ ትነግረኝ ነበር፤ ብትነግረኝ ደግሞ መከልከል ሊኖርብኝ ነው።

አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። አንድ እሑድ አሰለፈች የበላሁበትን ሳህን እያነሣች «ያን ቀን ቢላው በእጇ ነበር» አለችና ወደ ጓዳ ገባች። ሌላ ነገር አልጨመረችም። ያችን ቃል ሦስት ቀን ተሸከምኳት፤ በአራተኛው ቀን ድንጋይ ተሸከምኩ።

በአገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ በማጅራቱ አድርጎ ከተበደለው ደጅ ይወድቃል፤ የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን ያነሣለታል። ልጅ ለአባቱ ይሸከማል። አባት ለልጁ ሲሸከም አይቼም ሰምቼም አላውቅም። ከሕንጻችን ፊት ካለው የአበባ መደብ ውስጥ አንድ ደህና ድንጋይ መርጬ፣ በገበያ ከረጢት አድርጌ፣ ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ቀይሬ ሬክስዴል ወረድኩ፤ አድራሻውን ከአሰለፈች ቦርሳ ነው ያገኘሁት። ከበሩ ስደርስ ደወሉን ተጫንኩ፤ ድንጋዩን በሁለት እጄ አንሥቼ ወደ ማጅራቴ ሳደርስ በሩ ተከፈተ።

የከፈተችው ዶና ናት። ምን ታያለች? ሰናይትን የመታ ሰውዬ፣ ድንጋይ ከራሱ በላይ አንሥቶ ቆሟል። በሩ ጎን የበረዶ አካፋ ተደግፎ ነበር፤ ያንን አንሥታ ግንባሬን አለችኝ። ድንጋዩ የራሴ እግር ላይ ወደቀ። ሁለተኛውን ልትደግመኝ ስትል ሰናይት ሮጣ መጥታ ክንዷን ያዘች።

«ኖ! ዶና፣ ስቶፕ! ኢትስ ማይ ዳድ!»

«አይ ኖው!» አለች ዶና፤ አባቷ መሆኔን አውቃለሁ ማለቷ ነው፤ አካፋውን አላወረደችም።

ሰናይት አየችኝ፤ ድንጋዩን አየች። «ሊገድሉን ነው የመጡት አባባ?»

ደሜን እየጠረግኩ ነገርኳት። ከሕፃንነቷ ሱዳን፣ ከሱዳን ቶሮንቶ፤ ይህን ሥርዓት የት አይታው። ከሰማችኝ በኋላ ለዶና በእንግሊዝኛ ተረጎመችላት፤ ዶና አንዴ እኔን አንዴ ድንጋዩን ታያለች።

«ታዲያ እኔ ምን ማድረግ ነው ያለብኝ?»

«ካሻሽ ታነሺልኛለሽ። ካላሻሽ በሩን ትዘጊያለሽ።»

«ግን እኮ መሬት ወድቋል።»

«መልሼ ልሸከመው» አልኩ።

እንደ ምንም ተሸክሜ ተንበረከክሁ። አንገቴ ተደፍቷልና የሚታየኝ የሁለቱ እግር ብቻ ነው። ደሙ ከግንባሬ በአፍንጫዬ እየወረደ ደረጃው ላይ ይንጠባጠባል፤ አውቶቡስ መጣ፤ ሄደ። ሌላ መጣ። ከዚያ ክብደቱ ከላዬ ተነሣ።

«ይቅር ያልኩ እንዳይመስልዎ» አለች ሰናይት። «ከባድ ስለሆነ ነው ያነሣሁልዎ። ይግቡ፤ ግንባርዎ ይታጠብ።»

አንዷ በግራ አንዷ በቀኝ ይዘው አስገቡኝ። ዶና በመታችኝ እጇ ፎጣ ግንባሬ ላይ ጭና ወንበር ላይ አስቀመጠችኝ። ፊት ለፊቴ ግድግዳው ላይ ፎቶ ተደርድሯል። ሰናይት የምርቃት ልብስ ለብሳ፤ መመረቋንም አላውቅም ነበር። ሰናይትና ዶና ሐይቅ ዳር፤ ልጄ ጠጉሯን ተቆርጣለች፤ ከንፈሯ ላይ፣ ከግራ በኩል፣ ትንሽ ጠባሳ አለ። ከሥሩ ደግሞ አሰለፈች፤ በቅዳሜዎቹ በአንዱ፣ እኔ አሁን የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ፣ የወረቀት ቆብ ደፍታ፣ አፏን በእጇ ሳትሸፍን ትስቃለች። ሚስቴ ከዚያ ፋሲካ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ የምትስቅበት ቤት ግን ነበራት።

ይቅርታዋ ሌላ ሁለት ዓመት ፈጅቷል፤ ጥፋቱም የእኔ ስለሆነ አልጎተጎትኳትም። ከዚያ በኋላ እነሱ ቤት እኔም ብዙ ፎቶ ተነሥቻለሁ፤ አሰለፈች ካረፈች ወዲህማ በዓል ሁሉ እዚያ ነኝ። ያችን የወረቀት ቆብ ቀን ግን ማንም አይመልስልኝም። እነሱ ሲስቁ እኔ ክሬሰንት ታውን በሬን ቆልፌ ብቻዬን ተቀምጬ ነበር፤ ማታ አሰለፈች ስትመጣም የጠየቅኳት «እራት የታለ» ብዬ ነው።