«እስቲ ከተጣራ ቅመሱት»

አያቴ በየማለዳው ሰበታ ካለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካ በታች ከወንዙ በፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ቀድተው መስኮታችን ላይ ይደረድሩ ነበር። ውሃው አንድ ቀን ሰማያዊ፣ ሌላ ቀን ቀይ ነው። ላሞቻችንን የፈጀው እሱ ነው። «አጣርተን ነው የምንለቀው» የሚል ኃላፊ በመጣ ቁጥር ጠርሙሱን ይዘው ይቀርቡና «እስቲ ከተጣራ ቅመሱት» ይሉ ነበር። አንድም የቀመሰ የለም።

በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ተቃውሞ ጊዜ ፋብሪካውን ልናቃጥል ስንሄድ ጠርሙሳቸውን ይዘው በሩ ላይ ቆመው መለሱን። ክብሪቱን የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «ከተቃጠለ ይህን ውሃ ማን ይጠጣልኛል?» አሉኝ። ያኔ የፈሩ መስሎኝ ተናድጄባቸው ነበር።

በቀደም አያቴን ቀበርናቸው። የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም ለቅሶ ሊደርስ ድንኳናችን ገባ።

«ኦቦ ትልቅ ሰው ነበሩ። ፋብሪካችንን ያተረፉልን እሳቸው ናቸው» አለና የሚጠጣ ውሃ ጠየቀኝ።

ቤት ገብቼ መስኮቱ ላይ የቀረውን የመጨረሻ ጠርሙስ አንስቼ በብርጭቆ ቀዳሁለት። ቀይ ነበር።

«ይጠጡ እንጂ! እናንተው ያጣራችሁት ነው» አልኩት።

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየው። ሥራ አስኪያጁ ብርጭቆውን መሬት አስቀምጦ ወጣ።

አባባ፣ ባዶውን መስኮት እኔ እሞላዋለሁ። ፋብሪካው በር ላይ ቆሞ የሚመልሰኝ ግን ከእንግዲህ የለም።