ስለ ሳር፣ ለነዳጅ አገር

በስደት ድንበር ስሻገር አል-ሐርስ ተራራ ላይ የያዙኝ ወታደሮች ስልኬን ሲከፍቱ ያገኙት ሳር ነበር። ፎቶው በሙሉ ሳር፤ ከድንጋይ ስንጥቅ የበቀለ፣ በድርቁ መሐል የለመለመ የዱር ማሽላ። ከሳሩ ጀርባ ግን ተራራው ይታያል፤ ከተራራው ወዲያ የመን ነው፣ ጦርነቱ። ለሰላይ ቆጠሩኝ።

ጂዛን እስር ቤት ያስገቡኝ ክፍል ሲሚንቶው እግር ያቃጥላል፤ ላብና በረኪና ይሸታል። አገሬም በጽሑፌ ምክንያት አስራኝ ስለነበር፣ መጀመሪያ ያሰብኩት "እዚህስ መስኮት አለ" የሚል ነው።

አጠገቤ የሚተኛው የወሎ ሰው ዓረብኛ ስለሚችል መርማሪው አስተርጓሚ አድርጎታል።

"ጋሼ፣ ራዒ ነኝ ይበሉ፣ እረኛ። እረኛን ወደ አገሩ ይሸኙታል። ሰላይን ግን፣ ወላሂ፣ የት እንደሚያደርሱት አላውቅም።"

"ፍየሎችህስ ቢለኝ?"

"ጦርነቱ በላቸው ይበሉ።"

መርማሪው ፎቶውን እያሳየ ለምን እንዳነሳሁት ጠየቀ። አፌን ሳልከፍት የወሎው ወዳጄ መለሰለት። ከመልሱ ውስጥ "ራዒ" የሚለውን ለየሁ።

"ላ" አልኩ በዓረብኛ። "እረኛ አይደለሁም። የሳር ተመራማሪ ነኝ፤ እንዳለ ንገረው።"

"ጋሼ፣ ኸላስ፣ በቃ፣ አምኗል እኮ!"

"ንገረው።"

እረኝነትን ንቄ አልነበረም። ዕድሜዬን የሰጠሁትን ሥራ አንድ መንግሥት ነጥቆኛል፤ ለሁለተኛው ራሴ ላስረክብ አልፈለግኩም።

አስረዳሁ። በሳር ውስጥ ከአንድ አያት የወረዱ ዘረ-መሎች አሉ፤ ቤተሰብ ናቸው። አንዱ "እደግ" ይላል፤ ወንድሙ ድርቅ ሲመጣ "ቁም" ይላል። ከሳር ነዳጅ ማውጣት የሚፈልግ ሰው ሁለቱን ማስታረቅ አለበት፤ ረጅሙ ሳር ድርቅ አይችልም፣ ድርቅ የሚችለው አያድግም። ይህ የተራራው ሳር ግን ሁለቱን ያስታረቀ ይመስላል።

ወዳጄ ግንባሩን እየጠረገ ተረጎመ። መርማሪው ፎቶውን እንደገና አየው።

"ነዳጅ? ከሳር?"

"ከሳር።"

"እኛ እኮ ነዳጅ አለን" አለና ሳቀ። በሩን ከፍቶ ለባልደረቦቹ ሲነግራቸው ኮሪደሩ በሙሉ ሳቀ። እንዲህ ያለ ውሸት የሚፈጥር ሰላይ የለም ብለው መሰለኝ፣ የስለላው ነገር ዳግም አልተነሳም። እረኛ ብሆን ግን በዚያው ሳምንት በተሸኘሁ ነበር፤ ተመራማሪው ወራት ከረመ።

ወዳጄ የተሸኘ ዕለት ከበሩ ዞር አለ። "ጋሼ፣ አሁንም እረኛ መሆን ይችላሉ።"

"ፍየል የለኝም" አልኩት።

ከተፈታሁ ወዲህ ብዙ አዳራሽ ውስጥ ንግግር አድርጌያለሁ፤ ጭብጨባውን ረስቼዋለሁ። የማልረሳው ያንን ሳቅ ነው፤ ቀና ብዬ ነበር የሰማሁት። ወዳጄ ዛሬም ከወሎ እየደወለ "ራዒው እንዴት ነዎት?" ይለኛል።

"ፍየል አልገዛሁም" እለዋለሁ።