ፈተና ላይ የነበረችውን ተከራዬን ሰላም ያልኩ ቀን

ከሁለት ወር በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት የተከራዬን በር ገፍቼ ገባሁ... ነገሩን ሰው እየቀጠለ ስለሚያወራው ራሴ ልጻፈው።

ወይንሸት ትባላለች። የደጎሎ ልጅ ናት፤ እዚህ መካነ ሰላም ሆስፒታል ውስጥ ራጅ ታነሳለች። ዲፕሎማ አላት፣ የሙያ ፈቃድ አላት፣ ስምንት ዓመት ሠርታበታለች። ይህ አልበቃ ብሏት ዲግሪዋን በኢንተርኔት ትማር ነበር።

እኔ ለዚህ ዓይነቱ ትምህርት ክብር የለኝም። ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው የለም፤ ስኳር በተጠቀለለበት ጋዜጣ ብቻዬን ነው የለየሁት። ግንበኝነቱንም አናጢነቱንም አይቼ ነው የያዝኩት፤ ግቢዬን ያቆምኩት በራሴ እጅ ነው። የምታውቂውን ሥራ ታውቂዋለሽ ብሎ የሚፈርምልሽ ሰው ለምን ትፈልጊያለሽ ብያት አውቃለሁ። ያለ ዲግሪ ከደረጃዋ ፈቀቅ እንደማትል፣ እሷ ያለማመደቻቸው ልጆች አለቃ እየሆኑባት እንደሆነ ነገረችኝ። አልተዋጠልኝም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መጣች። በማግስቱ ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የመጨረሻ ፈተናዋ ነው፤ ፈታኞቹ አዲስ አበባ ሆነው በላፕቶፑ ካሜራ ያዩዋታል፤ ሌላ ሰው ከታየ ወይም እሷ ከተናገረች ፈተናው ይበላሽባታል፤ ስለዚህ ማንም በሯን እንዳይነካ።

«ሌባ ነሽ እንዴ ካሜራ የሚያቆሙብሽ?» አልኳት።

«አባባ፣ እባክዎ። ሁለት ሰዓት ብቻ ነው።»

በገዛ ግቢዬ የምረግጥበትን ቦታ ልትነግረኝ መሆኑ ነው እንግዲህ። ዝም አልኳት። እሺ ያልኩ መስሏት ሄደች።

ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የቧንቧ ውሃ መጣ። በሳምንት አንዴ ነው የሚመጣው፤ ጀሪካኑን ያልሞላ ሳምንቱን ሙሉ ጎረቤት ይለምናል። ባለቤቴ የወይንሸትንም እኛው እንሞላላት አለች። እኔ ግን ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። እውነቱን ልናገር... ለውሃው ብዬ አልነበረም። ማንኳኳት እንደምችል እንድታውቀው ነበር።

«ወይንሸት፣ እንዴት አደርሽ?»

ዝም። ደገምኩ። ዝም። ሦስተኛውን ጮክ ብዬ አልኩት። ውስጥ መቀመጧ በመስኮቱ ይታየኛል። ሽማግሌ በር ላይ ቆሞ ሰላም ሲል መልስ መንሳት... በእኛ አገር የተቀያየመ ሰው እንኳ አያደርገውም። በሩን ገፋሁት።

ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። ዓይኗን ከላፕቶፑ አልነቀለችም። እንባዋ ግን በጉንጯ ይወርዳል። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ።

«ለሰላምታ መልስ መስጠትም ዲግሪ ይፈልጋል?» አልኳት።

ከላፕቶፑ የወንድ ድምፅ ወጣ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ስለታየ ፈተናው ተቋርጧል አለ። ጥያቄዎቹ ከፊቷ ጠፉ።

ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች።

«ሦስት ዓመት ነው አባባ። አዳር ሠርቼ ሳልተኛ የተማርኩት ሦስት ዓመት። አሁን ደስ አለዎት?»

ባለቤቴ ሮጣ መጥታ «አብሽሪ ልጄ» እያለች አቀፈቻት። ለእኔ ያለችኝን እዚህ አልጽፈውም።

ሳምንት ሙሉ አልተነጋገርንም። ከዚያ አንድ ቀን መጥታ ግቢው መሃል ቆመች። አጭበርብራለች ተብሎ ተጽፎባታል፤ የገባው ሰው ራሱ ቀርቦ ካልተናገረ ትባረራለች። እባክዎ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም። እኔም ይቅርታ እንደማልል ቀድሜ ነገርኳት።

«ይቅርታዎን ማን ፈለገው» አለች። «እውነቱን ብቻ ይናገሩ።»

እውነት ከተባለ እኔን የሚቀድም የለም። ሄጄ ካሜራው ፊት ተቀመጥኩ።

ሦስት ሰዎች ስክሪኑ ላይ ተደርድረዋል። አንዷ ሴትዮ ለምን እንደገባሁ ጠየቀችኝ። ቤቱ የእኔ ስለሆነ አልኳት። መልስ ነግሬያት እንደሆነም ጠየቀችኝ። ስለ ራጅና ስለ ጨረር የማውቀው እንደሌለ፣ ባውቅም እንደማልነግራት ተናገርኩ።

«እሷስ ምን አለችዎት?»

«ምንም። ሦስት ጊዜ እንዴት አደርሽ ብያት፣ አጠገቧ ቆሜ ተናግሬያት፣ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። ስድ ናት። ይጻፍልኝ።»

ከሰዎቹ አንዱ አፉን በእጁ ሸፈነ።

«እንጽፋለን አባት» አለች ሴትዮዋ።

እኔ የከሰስኳት መስሎኝ ነበር... ለካ እየመሰከርኩላት ነው። በሦስተኛው ቀን ከክሱ ነፃ ናት፣ እንደገና ትፈተን ተባለ።

ያመሰገነችኝ መሰላችሁ? ፈተናው ሳይደርስ ዕቃዋን በባጃጅ ጭና ወጣች። ቁልፉን እጄ ላይ አስቀምጣ «አዲሱ ቤቴ ከውስጥ መቀርቀሪያ አለው አባባ» አለችኝ። እዚያ ሆና ተፈተነች። ማለፏን የሰማሁት ከሆስፒታሉ ዘበኛ ነው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ጎንበስ ብላ ሰላም ትለኛለች፣ አትቆምም።

እኔ ዛሬም ይቅርታ አልጠይቅም። በገዛ ቤቴ ገባሁ እንጂ የሰው ቤት አልሰበርኩም።

ትናንት ግን ለዚያ ክፍል በር መቀርቀሪያ ገዝቼ ገጠምኩለት... የምታውቋት ሰዎች፣ እንዳትነግሯት።