ሹራቤን አይተው የጸለዩልኝ እናቶች

ዛሬ ከቸርች ስወጣ የሰፈራችን እናቶች ከበውኝ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። አልታመምኩም እኮ! ከስቼ ነው!

ለወራት ከሚዛን ከተማ ገበያ እስከ ቤቴ ያለውን ዳገት ባጃጅ እምቢ ብዬ በእግሬ ወጥቻለሁ። ቅቤ የሚባል ነገር እርግፍ አድርጌ ትቻለሁ።

ደስ ቢለኝ ድንኳን የሚያህለውን አሮጌ ሹራቤን ተርትሬ በአሁኑ ወገቤ ልክ እንደገና ሠራሁት። ደረቱ ላይ ቀይ የቡና ፍሬ ከነቅጠሉ፣ ንድፉ የራሴ። ክር ሁሉ ተርፎኛል!

ዛሬ ለበስኩት። ጥፋቴ ይኼው ነው።

በዚህ ሙቀት ሹራብ የለበሰች፣ ፊቷ የከሳ ሴት እኛ ጋ ምን ትባላለች? ወባ የያዛት!

ጎረቤቴ እማማ አስካለ "ልጄ፣ ብርድ ብርድ ይልሻል?" አሉኝ።

"ኧረ ደህና ነኝ፣ ሆን ብዬ ነው የከሳሁት" ስላቸው ወደ ሌሎቹ ዞረው "ትኩሳቱ እያስቀባጠራት ነው" አሉ።

ስለ ንድፌ ትንፍሽ ያለ ሰው የለም። ጨጓራዬን ላጡት!

ጸሎታቸው ደግሞ "ጌታ ሆይ፣ የቀድሞ ሥጋዋን መልስላት" የሚል ነበር።

እኔም ልማድ ሆኖብኝ ከሁሉም በላይ ጮክ ብዬ "አሜን!" አልኩ።

እናንተስ ስትከሱ ምን ተባላችሁ? አሜን ያሉትን መልሶ መውሰድ የሚቻልበትን መንገድ የምታውቁም ካላችሁ፣ እባካችሁ ከስር ጻፉልኝ።