ጦይባ ሰላምታ የዘለለች ዕለት

ዛሬ ጠዋት ስልኬን ቤት ረስቼ ወልድያ ገበያ ደርሼ ስመለስ ጦይባ ደጋግማ ደውላ አገኘሁ። ደነገጥኩ። በዚህ ዕድሜ፣ ያን ሁሉ ክፉ ቀን ካየን በኋላ፣ እሷ ካለችበት ከመርሳ በጠዋት የሚደጋገም ስልክ ደግ አይመስልም። መልሼ ብደውል ኔትወርኩ እንቢ አለ። ምን አደርጋለሁ፤ በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ መስመሩ እስኪከፈት ስለ እሷ ማሰብ ጀመርኩ።

ጦይባን ያወቅኋት በወጣትነቴ፣ ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ለገበሬው ዘር በሚያቀርብ አንድ የእርዳታ ድርጅት ተቀጥሬ ሳለሁ ነው። የሥራ ባልደረባዬ ነበረች፤ በዕድሜም በሥራም ትቀድመኛለች። በዚያ አገር የማያውቃት የለም፤ የምትታወቀውም በሰላምታዋ ነው። መንገድ ላይ ሰው ካገኘች እሱን፣ ሚስቱን፣ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ሳትጠይቅ አታልፍም። እኛን መኪና ውስጥ የመርሳ ሙቀት ይጠብሰናል። እኔማ እሷ ሰላም ብላ እስክትጨርስ ከመንገድ ዳር ማንጎ ገዝቼ፣ ልጬ፣ በልቼ፣ እጄን ታጥቤ እጠብቃት ነበር።

በዚያ ዓመት ድርጅቱ ሠራተኞቹ ከጋዜጠኛ ጋር መነጋገር ይልመዱ ብሎ ወልድያ ላይ ሥልጠና አዘጋጀ። አሠልጣኙ ጋሽ መኮንን የሚባሉ፣ ከአዲስ አበባ የመጡ የድሮ የራዲዮ ሰው ነበሩ። ድምፃቸው ወፍራም ነው፣ ራሳቸው ግን ከሲታ። ሁልጊዜ የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ «መጀመሪያ ሰሚው የሚያስፈልገውን ንገሩት። ወዲያው ራዲዮኑን ቢዘጋው እንኳ ያችን ይዞ ይሂድ።» እያንዳንዳችንን ቴፕ ፊት አስቀምጠው ያለማምዱን ጀመር። የጦይባ ተራ ሲደርስ ስለ ዘር ሥራችን ጠየቋት። እሷም ነጠላዋን አስተካክላ፣ ለቴፑ ጎንበስ ብላ፣ አሰላሙ አለይኩም ብላ ጀመረች።

ኋላ ጋሽ መኮንን ቴፑን አጠፉት።

«ወይዘሮ ጦይባ፣ ሰዓቱ አለቀ። እርስዎ ገና ከብቱ ላይ ነዎት።»

«ከብቱን ሳልጠይቅ ወሬ ልጀምር እንዴ? ወላሂ ነውር ነው፣ ጋሼ።»

ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ።

በውነቱ ግን የሚያስቅ ሰሞን አልነበረም። የተሻለ የማሽላ ዘር ይመጣል ብለን ለገበሬው ቃል ገብተን ዘሩ ቀርቶብናል። ዝናቡ ደግሞ መጥቷል። ገበሬው መሬቱን አርሶ፣ የራሱን ዘር ቤቱ አስቀምጦ የእኛን ይጠብቃል። እርጥበቱ ካመለጠው የዓመት ቀለቡ ቀረ ማለት ነው። አለቃችን ግን ከበላይ መልስ እስኪመጣ «በቅርቡ ይደርሳል» በሉ ብሎናል። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፣ ፈርቶ ነው።

የሥልጠናው መዝጊያ በአካባቢው ራዲዮ፣ በቀጥታ ስርጭት የሚደረግ እውነተኛ ቃለ መጠይቅ ነበር። ጋሽ መኮንን ጦይባ ትግባ አሉ። የሥራ ውሏ በዚያው ወር ያልቃል። ባሏ ሞቶባት ልጆቿን የምታሳድገው በዚያ ደመወዝ ነው። ስንሄድ እንደ ልማዷ አላወራችም። «እቴ ጦይባ፣ ፈራሽ እንዴ?» ብላት «አብሽር፣ አይዞህ» ብቻ አለችኝ።

ከስቱዲዮው መስታወት ወዲህ ከአለቃችንና ከጋሽ መኮንን ጋር ቆመናል። ጋዜጠኛው እንኳን ደህና መጡ አላት። ሰላምታውን አልመለሰችም።

«ጦይባ ነኝ» አለች። «ዘሩ አልመጣም። መቼ እንደሚመጣም አናውቅም። አትጠብቁን። ዝናቡ ሳያልፍ እጃችሁ ላይ ያለውን ዝሩ።»

አለቃችን ግንባሩን ያዘ። ጋሽ መኮንን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ከዚህ በላይ የማስተምራት የለኝም» አሉኝ። እኔ በእሷ ቦታ ብሆን አፌ አይከፈትም ነበር። ያን ድፍረቷን እስከ ዛሬ አደንቃለሁ።

በማግስቱ ወደ መርሳ ስንወርድ ከሲሪንቃ ጀምሮ ማሳው በሬ በበሬ ሆኗል። አየሩ እርጥብ አፈር አፈር ይሸታል። መርሳ መግቢያ ላይ አያ ይመር የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ መኪናችንን አስቆሙ። አለቃችን ከፊት ተቀምጧል።

«ተዘራ ወይ፣ አያ?» አለቻቸው ጦይባ።

«እንዴት አይዘራ? አንቺ በራዲዮ ከብቱን ሳትጠይቂ ወሬ ስትጀምሪ ነገሩ ቀልድ አለመሆኑ ያልገባው ማን አለ? እኔማ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ወደ አለቃችን ዞሩ። «ልጄ፣ ይችን ሴት አደራ።»

ውሏ ታደሰ። አለቃችን በልቡ ምን እንዳሰበ አላውቅም፤ «በቅርቡ» የምትለዋን ቃል ግን ዳግም ከአፉ አልሰማሁም። የእኛ ዘር የደረሰው ማሽላው ከጉልበት በላይ ከሆነ በኋላ ነው።

ይህን እያሰብኩ ስልኩ ጮኸ። ጦይባ ናት። ወዲያው አነሳሁት።

«እቴ ጦይባ፣ ምን ተፈጠረ?»

«አሰላሙ አለይኩም፣ ወንድሜ። እንዴት አደርክ? እግርህን ተሻለህ? ባለቤትህስ? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? ጎረቤቶችህ ሁሉ ደህና?»

እፎይ አልኩ። ለምን እንደደወለች ገና አልነገረችኝም፤ ነገር ግን ክፉ ወሬ እንደሌላት አውቄያለሁ። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩና ሁሉንም በተራ እግዚአብሔር ይመስገን አልኳት።

«ከብቱስ?» አለችኝ።

በዕድሜዬ ከብት ኖሮኝ አያውቅም።

«ደህና ነው» አልኳት።